ቁጥር ሁለት ቱቦ

ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ በታይፎይድ ልትሞትብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሃ አላምንም። ሳላፈላ አላጠጣም፣ ጀሪካን ሳልከድን አልተኛም፣ የጉድጓዳችንን አፍ የሸፈነውን ቆርቆሮ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሄጄ አየዋለሁ። ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል። «እሷ እኮ ቢቻላት ዝናቡንም ሳይወርድ ታፈላዋለች» ይላሉ። ይህን ያስቀደምኩት ሥራውን ለምን ለእኔ እንደሰጡኝ እንዲገባችሁ ነው። በመንደራችን ከእኔ የተሻለ የተማረ ሞልቷል፤ እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። የመረጡኝ ስለምፈራ ነው።

መንደራችን ከአሰላ በሲሬ በኩል ነው፣ ዳገት ላይ። ስንዴና ገብስ እንዘራለን። ጉድጓዱን የቆፈሩት ባሌና የጎረቤቴ ባል ናቸው፣ በሁለታችን ግቢ ድንበር ላይ፣ አንዱ እየቆፈረ አንዱ አፈር እየጎተተ። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። ጉድጓዱ ግን ቀርቶልን ነበር፤ ስምንት ቤት ይቀዳበት ነበር።

ጎረቤቴ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። «አዴ» እላቸዋለሁ፤ በኦሮምኛ ትልቅ ሴት በክብር የምትጠራበት ነው። እሳቸው የአርሲ ኦሮሞ ናቸው፣ ሙስሊም፤ እኔ ቅድመ አያቶቼ ከሸዋ የመጡ ክርስቲያን ነኝ። አዴ ሲንቄ አለቻቸው። ሲንቄ ቀጭን በትር ናት፣ ሴት ልጅ ስታገባ እናቷ የምትሰጣት። አንዲት ሴት ስትበደል ሴቶቹ ሁሉ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በደሉ ሳይካስ ወደ ቤታቸው አይገቡም፤ ወንድ በፊታቸው አያልፍም።

እኔ ሲንቄ የለኝም፤ ሲንቄ ግን ለእኔ ወጥታለች። ልጄን ወልጄ ገና አራስ ሳለሁ ባሌ እጁን አነሳብኝ። አዴ ጩኸቴን ሰምተው ኖሯል። በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት አሥራ ሁለት ሴት በትራቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆመዋል። ከመንደሩ ወንዶች አንዱ «እሷ እኮ የእናንተ ወገን አይደለችም» አላቸው። አዴ መለሱለት፦ «አራስ ወገን አላት እንዴ? አራስ የሁሉም ናት።» ባሌ በግ አርዶ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ከደጄ አልተነሱም። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ እጁን አላነሳብኝም። ይህንን ነገር ያዙልኝ።

የድንጋይ ከሰሉ ሰዎች የመጡት የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም ነው። ከመንደራችን በላይ ያለውን ተራራ ከጎኑ በስተው ዋሻ ሊያስገቡለት ነው ተባለ። በቀበሌው ስብሰባ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ከሰል ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ተራራ ምን ያስቆፍራችኋል? የእኔን ባሕር ዛፍ ወስዳችሁ አክስሉት» አሉና ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እጄን አውጥቼ «ውሃችንስ?» አልኩ።

ይህን ጊዜ አንድ ወጣት መሐንዲስ ከፊት ወንበር ዞር ብሎ አየኝ። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ነው፣ አሰላ ቤት ተከራይቶ የሚኖር። በሳምንቱ ቤቴ መጣ። «እናቴ፣ ያን ጥያቄ የጠየቁት እርስዎ ነዎት አይደል?» አለኝ። «ውሃውን የሚጠብቅልን የሚሰጋ ሰው ነው የምንፈልገው።»

ሦስት ቦታ ጠባብ ጉድጓድ በማሽን ቆፍረው የብረት ቱቦ አስገቡ። ቁጥር አንድ ከዋሻው በላይ ተራራው አናት ላይ ነው፤ ቁጥር ሦስት ከወንዙ ማዶ። ሁለቱን ዘበኞች ያነቧቸዋል። ቁጥር ሁለት ከጉድጓዳችን መቶ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ ነው፤ እሱ የእኔ ሆነ። የቱቦው ክዳን ቁልፍ አለው፤ ቁልፉን ከቤቴ ቁልፍ ጋር በአንድ ክር አሰርኩት። ቦቲ ጫማ፣ ጃንጥላና አንድ ሜትር ሰጡኝ። ሜትሩ በእጀታ የሚጠቀለል ረጅም ነው፤ ጫፉ ውሃ ሲነካ «ጢጥ» ይላል።

«ቀስ አድርገው ያውርዱት» አለኝ መሐንዲሱ። «ጢጥ ሲል ያቁሙ። ከቱቦው ከንፈር ላይ ያለውን ቁጥር ይጻፉ። ቁጥሩ ከበዛ ውሃው ወደ ታች ሸሽቷል ማለት ነው፤ ካነሰ ቀርቦናል።»

ሜትሩን ከሴንቲ ሜትሩ የምትለየውን፣ ነጥብ የምትባለዋን ነገር ያን ቀን ተማርኩ። መጀመሪያ ትንሽ ናት ብዬ ንቄያት ነበር። በኋላ ግን ሌሊቱን ሙሉ የምታሳስበኝ እሷ ሆነች። ስድስት ሜትር ከሃያ ብዬ ጀመርኩ። በየማለዳው፣ ላሟን ሳላልብ፣ ሁለት ጊዜ እለካለሁ።

«ለምን ሁለቴ?» አለኝ መሐንዲሱ አንድ ቀን ቆሞ ሲያየኝ።

«አንዱ ለእናንተ፣ አንዱ ለእኔ።»

ሳቀ። «እግዚአብሔርን! ከሦስቱም የእርስዎ ንባብ ነው ንጹሑ። ዘበኞቹ እሳት እየሞቁ ነው የሚሞሉት።»

ይህ ቃል ስንት ቀን እንዳስደሰተኝ መናገር ያሳፍረኛል። ትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ በጽሕፈት ያመሰገነኝ ሰው አልነበረም። በየወሩ ቁጥሩን የምሞላበትን ቅጽ ሊወስድ ሲመጣ በሶ በጥብጬ አጠጣዋለሁ፤ አዴም እርጎ ይልኩለታል። «የውሃው ልጅ» እንለው ነበር። ቅጹን ሳልሰጠው በፊት ግን ልጄ ጽፋ በተረፋት ደብተር ላይ ቁጥሩን ሁሉ እገለብጣለሁ። እሱን አላምን ብዬ አልነበረም። ከቤቴ የሚወጣ ነገር ምልክቱን ሳይተው አይወጣም፤ ለጎረቤት ያዋስኩትን ወንፊት እንኳ ግድግዳ ላይ በከሰል እጽፈዋለሁ።

በሁለተኛው በጋ ነገሩ ተለወጠ። ከዋሻው ውስጥ ውሃ በፓምፕ እየሳቡ በቦይ ወደ ገደሉ መልቀቅ ጀመሩ። ቀንና ማታ ይወርዳል። በእኛ ጉድጓድ ደግሞ ገመዱ አጠረ፤ አንድ ጊዜ ቀጠልነው፣ እንደገና ቀጠልነው። የእኔ ሜትር ዘጠኝ አለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዴ ከሰባት ሴቶች ጋር ግቢዬ ገቡ። ሁሉም ሲንቄያቸውን ይዘዋል። ደነገጥኩ፤ እነዚያን በትሮች ደጄ ላይ ካየኋቸው አሥራ አምስት ዓመት አልፏል።

«ወደ ዋሻው በር ልንወጣ ነው» አሉ አዴ። «ያ ገደል የሚገባው ውሃ የእኛ ነው። ከተራራው ሆድ ነው የሚያወጡት። ግን አንቺ ነሽ የምትለኪው። ሲንቄ ወጥታ በሐሰት አትቆምም። ንገሪን፤ ውሃው ሄዷል ወይስ ይመለሳል?»

«ቆይ ልጠይቀው» አልኩና ደወልኩ። ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

መሐንዲሱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሞተር መጣ። ጋቢዬን ከአልጋዬ ላይ አውጥቼ እንድሰጠው ጠየቀኝ፤ መሬት ላይ ሦስት ቦታ አጥፎ ዘረጋው። «ይህች ከላይ ያለችው እጥፋት የእናንተ ውሃ ናት። ይህች መካከል ያለችው የሸክላ አፈር ናት፤ ውሃ አታሳልፍም። ከሰሉ ያለው ከታች ነው። እኛ የምናወጣው የታችኛውን ውሃ ነው፤ አይገናኙም። ጉድጓዳችሁ የቀነሰው በጋ ስለሆነ ነው። ክረምት ሲገባ ይመለሳል።»

«ጋቢ ውሃ ያሳልፋል እኮ» አለች ከሴቶቹ አንዷ፤ ሁሉም ሳቁ።

እሱ ግን ወደ እኔ ዞረ። «እናቴ፣ እርስዎ ያውቁኛል። ዋሽቼዎት አውቃለሁ?»

አያውቅም። እስከዚያች ሰዓት ዋሽቶኝ አያውቅም ነበር። አዴም ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አንሥተው እኔ ላይ ጣሉ። «እሱን ተይው» አሉ። «እሱ እንግዳ ነው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«አይውጡ አዴ» አልኩ። «ይመለሳል። እኔ በየቀኑ አያለሁ፤ ካልተመለሰ መጀመሪያ የምነግርዎ እኔ ነኝ።»

አዴ ሲንቄያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ሌሎቹም አወረዱ። ወደየቤታቸው ሄዱ። መሐንዲሱ ጋቢዬን አራግፎ አጣጥፎ ሰጠኝና «ተባረኪ እናቴ» አለኝ። ያን ቀን ነው «እርስዎ» ማለት የረሳው።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም መጣ። እንዴት ያለ ዝናብ! መንገዱ ተቆረጠ፣ የጋሪ ፈረስ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ጃንጥላዬን በትከሻዬና በአገጬ መካከል አጣብቄ፣ ውሃ በጀርባዬ እየወረደ፣ ሜትሩን አወርዳለሁ። ዘጠኝ ከአርባ። እንደገና አወርዳለሁ። ዘጠኝ ከአርባ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አሥር ሞላ። ከላይ ውሃ፣ ከእግሬ ሥር ውሃ፣ ቱቦው ውስጥ ግን ውሃው እየሸሸ ነው።

አዴ በመንገድ ሲያገኙኝ «እንዴት ነው?» ይሉኛል።

«ደህና ነው፤ አፈሩ ገና እየጠጣ ነው» እላለሁ።

ይህ የእኔ አይደለም፣ የመሐንዲሱ ቃል ነው፤ ደውዬለት ያለኝ ነው። እኔም በአፌ ተቀበልኩት። «መጀመሪያ የምነግርዎ እኔ ነኝ» ያልኩትን ግን ሐምሌን ሙሉ ዋጥኩት፣ ነሐሴንም ዋጥኩት። ለምን ብትሉኝ፣ ፈርቼ ነው። ውሃው ሄዷል ካልኩ ያን ቀን በትሮቹን ያስወረድኩት እኔ መሆኔ ነው። ነጋ ጠባ «ነገ ይመለስ ይሆናል» እያልኩ ቆየሁ። ለውሃ የተጠነቀቅሁትን ያህል ለቃሌ አልተጠነቀቅሁም።

በመስከረም የመሐንዲሱ ስልክ መነሳት አቆመ። በኅዳር በመኪና መጣ። በሩ ላይ እንደቆመ «የመለካቱ ሥራ አልቋል እናቴ፤ ሜትሩን ልውሰድ» አለኝ። በሶ ልበጥብጥልህ አልኩት፤ ቸኩያለሁ አለ። ዓይኔን አላየኝም። ሜትሩን ጠቅልዬ፣ ጭቃውን በቀሚሴ ጠርጌ ሰጠሁት። የቱቦውን ቁልፍ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላስታወስኩትም። በዚያው ሳምንት የጉድጓዳችን ባልዲ ጭቃ ይዞ ወጣ።

ቀጥሎ የቀበሌው ስብሰባ ተጠራ። መሐንዲሱ አልመጣም። ሌላ ሰው መጥቶ ከወፍራም ወረቀት ላይ ማዕድኑ የመንደሩን ውሃ እንዳልነካ፣ ጉድጓዱ የደረቀው በዝናብ እጥረት እንደሆነ አነበበ። ዝናብ እጥረት! ያ ዝናብ ያበሰበሰው ሹራቤ ገና ከገመድ ላይ አልወረደም። ተነሥቼ «ቁጥር ሁለት ምን ይላል?» አልኩ። ሰውየው ወረቀቱን አገላበጠና «ሁሉም ተካቷል» አለኝ።

ልጄ አሰላ ነው የምትማረው፣ አሥራ አንደኛ ክፍል፤ ቅዳሜ ስለነበር አብራኝ መጥታለች። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትተውት ሲወጡ ገጹን ሁሉ በስልኳ አነሳችው። እንግሊዝኛ ነው። ቤት ገብተን አልጋዬ ላይ ተቀመጥን።

«ይኸው ቁጥር አንድ» አለችኝ። «ምንም አልተለወጠም። ይኸው ቁጥር ሦስት። እሱም ያው ነው።»

«ሁለትስ?»

ስልኩን በጣቷ ወደ ላይ ወደ ታች አለችው። «ሁለት የለም።»

«እንዴት ይጠፋል? በደንብ ፈልጊ እስቲ!»

ፈለገች። ከዚያ ዝም አለች። ልጄ ዝም ስትል አውቃለሁ፤ ትኩሳቷ ሊነሣ ሲልም እንዲያ ነበር የምትሆነው።

«ምንድን ነው?»

«ተይው እማዬ።»

«አንብቢ ብዬሻለሁ!»

ከሠንጠረዡ ሥር በደቂቅ ጽሕፈት የተጻፈ ነበር። ቀስ እያለች ወደ አማርኛ መለሰችልኝ። የቁጥር ሁለት ቱቦ ንባቦች አልተካተቱም፣ ይላል። ለምን ቢባል፣ አንባቢዋ የአካባቢው ነዋሪ፣ በቂ ትምህርት የሌላት በመሆኗ ንባቦቹ አስተማማኝ አይደሉም። መጨረሻው ገጽ ላይ ያዘጋጀው ሰው ስም ነበር። በሶዬን የጠጣው ልጅ ስም ነው።

አላለቀስኩም። የመጣልኝ ሐሳብ ትንሽ ነገር ነው፦ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይህን ዓረፍተ ነገር ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበር ወይስ በኋላ ነው ያሰበው? እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ቁጥሬ ሲጥማቸው ንጹሕ ነበርኩ፤ ሳይጥማቸው ሲቀር መሃይም ሆንኩ። የሚሰጋ ሰው እንፈልጋለን ያለኝም እውነቱን ነው። የሚሰጋ ሰው የተናገረውን መንደሩ ያምናላ። የፈለጉት ንባቤን አልነበረም፣ መታመኔን ነው።

ደብተሩን ከሳጥኑ አውጥቼ፣ ነጠላዬን አድርጌ፣ ወደ አዴ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

«አዴ፣ ሰኔ ላይም አልተመለሰም ነበር» አልኩ ቆሜ። «ሐምሌም፣ ነሐሴም። አውቅ ነበር። አልነገርኩዎትም።»

ምስሩን መልቀማቸውን አላቆሙም። ስለ መሐንዲሱ ነገርኳቸው፣ ስለ ትንሿ ጽሕፈትም። ስጨርስ አንድ ጠጠር አውጥተው ወረወሩ።

«እሱ እንግዳ ነው» አሉ። «ያን ቀንም ብዬሻለሁ። እንግዳ ይዋሻል፣ ይሄዳል። እኔ ሲንቄዬን ያወረድኩት ለእሱ መሰለሽ?»

«አይደለም።»

«ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

«ኤ» አሉ። «ለአንቺም አንድ ጊዜ አንሥቻት ነበር።» ቁጭ በይ አላሉኝም።

በሁለተኛው ቀን ሴቶቹ ወጡ። ማንም ሳይጠራኝ ደብተሬን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ዋሻው በር ላይ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ቆምን። የማዕድኑ ኃላፊ ወጣ፤ አዴ ወደ እኔ ሳይዞሩ «ደብተሩን ስጪው» አሉ። ሰውየው ከስድስት ከሃያ እስከ አሥራ አንድ ከሰማንያ ያለውን ሁሉ ገለጠና ሽፋኑን አየው። ሽፋኑ ላይ የልጄ ስምና «ሳይንስ» የሚል ጽሑፍ አለ። «ማኅተም የለውም» ብሎ መለሰልኝ። ሴቶቹ ግን አልተነሱም፤ ሦስት ቀን ዋሉ። በመጨረሻ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቦቴ ውሃ እንዲያመጣልን ተስማሙ። ፓምፑ አሁንም ይሠራል። አንዷ ሴት ስንመለስ «በበጋው ወጥተን ቢሆን ገና ጉድጓዱ ውሃ ነበረው» አለች። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው፤ ሰማሁት እንጂ።

ቦቴው ሲመጣ አዴ እኔ ከተሰለፍኩበት ወረፋ ራቅ ብለው ይቆማሉ። ሰላምታ አይከለክሉኝም፤ «አከም» ይሉኛል፣ እመልሳለሁ፣ በዚያው ያበቃል። የአራስነቴን ነገር ባስታውሳቸው ይሻል ይሆናል ብዬ አስቤ ተውኩት። እሱን እሳቸው ናቸው የሚያስታውሱት።

አንድ ጠዋት የቤቴን በር ስቆልፍ የቱቦው ቁልፍ እጄ ገባ። ጀሪካን መጎተቻ ገመድ አመጣሁ። በልጄ ማስመሪያ እየለካሁ በየሜትሩ አንድ ቋጠሮ ቋጠርኩበት፤ ጫፉ ላይ ከጋሪ የወደቀ ቡሎን አሰርኩ። ጢጥ አይልም፤ ግን ጆሮዬን ቱቦው ላይ ስደፋ ቡሎኑ ውሃ ሲነካ ይሰማኛል። ከነጥብ ወዲያ ያለውን አላገኘውም፤ ሜትሩን ግን አገኛለሁ። ደብተሩ ላይ ጻፍኩ። በማግስቱም ሄድኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አይጠይቀኝም።

ባለፈው ሳምንት ገመዱን እያወረድኩ ሳለ ከኋላዬ የበትር ድምፅ ሰማሁ። አዴ ናቸው፣ መመርኮዣቸውን ይዘው።

«ስንት ሆነ?» አሉኝ።

ተነሥቼ ቦታውን ለቀቅሁላቸው፤ ገመዱን በእጃቸው አስያዝኳቸው። አዴ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ጆሯቸውን ቱቦው ላይ ደፍተው አወረዱት፤ ቡሎኑ ሲነካ ቀና አሉ፣ እኔን ሳይሆን ገመዱን አዩ። ከዚያ ወደ ላይ እየሳቡ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ በኦሮምኛ መቁጠር ጀመሩ። «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር...»

አሥራ ሦስት ላይ ቆሙ። ቡሎኑን በቀሚሳቸው አደረቁ፣ ገመዱን መልሰው አወረዱት።

«ሁለት ጊዜ ነው የምትለኪው አይደል?» አሉና እንደገና ቆጠሩ።